አሥራ አንድ ጊዜ የተወለደችው ዘፈን

ዘፋኝ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዘፍኖ የሚወርድና አስረድቶ የሚዘፍን። ለመጀመሪያው ጆሮ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ትራስ ያለው ወንበር ያስፈልጋል። በየከተማው አንድ አይጠፋም። ጊታሩን ያነግታል፣ ክሩን መታ መታ ያደርጋል፣ ሰው እጁን ለጭብጨባ ሲያዘጋጅ፣ «ከመዝፈኔ በፊት ግን...» ይላል።

የዚህ ወገን አውራ ክቡር ጋሽ ሐተታ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ከበሮ መቺያቸው ነው። በአንድ የዘፈን መግቢያ ወሬያቸው መሀል ሹልክ ብሎ ወጥቶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ ሲመለስ ገና ዘፈኑን አልጀመሩም ነበር ብሎ ይምላል።

የድምፅ ባለሙያው ከእሳቸው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ከአዳራሹ ኋላ፣ ሚክሰሩ ፊት ተቀምጦ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ ማድረግ እንጀራው ነው። ሰውዬው በቀን ሃያ ቃል ከተናገረ ለፍልፏል ይባላል። ትክክል ያልሆነ ነገር ያመዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከጋሽ ሐተታ ጋር ያጣመረ ዕድል ቀልደኛ መሆን አለበት።

ጋሽ ሐተታ በወጣትነታቸው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ጠመኔውን ጥለው ጊታር አነሱ። የድሮውን የሥራ ዜማ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከከበሮ ጋር አጋቡት። ሽማግሌው ጩኸት ነው አለ፣ ወጣቱ እንጉርጉሮ ነው አለ፤ ካሴቱን ግን ሁለቱም ገዙ። ሦስተኛው ካሴት ላይ «ቀስ ብለሽ ውረጂ» የምትለዋ ዘፈን ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ስማቸው ከእሷ ተለይቶ አያውቅም።

«አንዷን ደረጃ ዛሬ፣ ሌላዋን ነገ፤
ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ማን ሩጫ ፈለገ።»

ዘመን ሲለወጥ ባንዱ ተበተነ። ከበሮ መቺው ኢንሹራንስ ሸጠ፤ ቤዝ ተጫዋቹ አግብቶ የሚስቱን አገር ለመደ። ለጋሽ ሐተታ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አንድ ጊታር፣ አንድ ሃርሞኒካና ያችው ዘፈን ቀሩላቸው። ያቺ ዘፈን ታዲያ አንድ ቦታ ተወልዳ አታውቅም። አንድ ቀን የማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ባሏን በምትጠብቅ ሴት ምክንያት ተጻፈች። ሌላ ቀን አውሮፕላን መሰላል ላይ። ሌላ ቀን ደግሞ መብራት በጠፋበት ሆቴል፣ ሙሽራ አሳንሰር ውስጥ ስትቀር። የድምፅ ባለሙያው አሥራ አንድ የትውልድ ቦታ ቆጥሯል፤ አሥራ አንዱም ላይ የጋሽ ሐተታ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

እሱን የሚያሳዝኑት የጋሽ ሐተታ ባለቤት ናቸው፤ እትዬ ይላቸዋል። እትዬ ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናቸው፤ ሁልጊዜ ከሚክሰሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ስለ ሙሽራዋም ስለ ማዕድን ቆፋሪው ሚስትም ከንፈራቸውን ገጥመው ያዳምጣሉ። «ምስኪን» ይላል በልቡ፣ «የሰው ሴት ስትወደስ መስማት።»

ባለፈው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዝግጅቱ ሊጀመር ሲል አዲሱ የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ወደ ድምፅ ባለሙያው መጡ።

«ሰው ዘፈን ሊሰማ ነው የመጣው» አሉት። «ወሬው ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ማይኩን ዝጋ።»

የድምፅ ባለሙያው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ትእዛዝ ነበር። ጋሽ ሐተታ ለዚያች ዘፈን ሲደርሱ፣ «ከመዝፈኔ በፊት ግን...» ብለው ሆቴሉን ጀመሩ። እሱም ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ማይኩን ዘጋ።

ጋሽ ሐተታ አላቆሙም። ድምፃቸው ቀጥኖ፣ አስተማሪ ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲያወራ ይመስል ጀመር። የኋላ ረድፍ ሰዎች ወደፊት ተንጠራሩ።

«ክፈትለት» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ሙሽራዋን እኮ አሳንሰር ውስጥ ሊያስቀሯት ነው።»

«ትቅር። ክፈትለት።»

«ውሸት መሆኑን እያወቁ?»

«ለእኔ ብሎ ነው የሚዋሸው።»

ከመድረኩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ነገሩት።

«እናቴ የሞተች ዓመት ከቤት መውጣት አቃተኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነበርን። በሩን እከፍታለሁ፤ ደረጃውን ሳየው መልሼ እዘጋዋለሁ። ሐኪም መድኃኒት አዘዘልኝ፤ እኔው ራሴ ስሸጠው የኖርኩት ነው፣ ምንም አልሠራልኝም። እሱ አንድ ቀን ጊታሩን ይዞ ወጣና የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ነይ ውጪም አላለኝ። ዝም ብሎ ዘፈነ፤ እኔ ደፍ ላይ ቆሜ ሰማሁት። በማግስቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። እንድሰማው እኔም አንድ ወረድኩ።»

«ስንት ደረጃ ነበር?»

«ሃምሳ አራት። ጎረቤት አብዷል ብሎ ነበር።» ፈገግ አሉ። «መሬት የረገጥን ቀን፣ ዘፈኑን ለሰው ዝፈነው፣ የማን እንደሆነ ግን እንዳትናገር አደራ አልኩት። ሰው ደግሞ በሄደበት ይጠይቀዋል። ዝም ማለት እሱ ላይ አልተፈጠረም። ታዲያ ምን ያድርግ?»

የድምፅ ባለሙያው ወደ መድረኩ አየ። ጋሽ ሐተታ ሲያወሩ ዓይናቸው ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ሚክሰሩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ድምፄ ይሰማል ወይ?» እያሉ እሱን የሚጠይቁት ይመስለው ነበር።

ማይኩን ከፈተው።

«...ሙሽራዋም በበሩ ስንጥቅ ጣቷን አወጣች» አለ የጋሽ ሐተታ ድምፅ አዳራሹን ሞልቶ። አንዲት ሴት «ውይ» አለች። ጊታሩ ሲጀምር የድምፅ ባለሙያው ከወትሮው ትንሽ ከፍ አደረገው፤ የእትዬ ከንፈር ዘፈኑ እስኪያልቅ ከቃሉ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር።

ሕዝቡ ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን እያሳዩ መጡ።

«አሥራ ሰባት ደቂቃ አወሩ። ዝጋ አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

የድምፅ ባለሙያው በዕድሜው ውሸት ሞክሮ አያውቅም። መድረኩን አየ፤ እትዬ የጋሽ ሐተታን ኮሌታ እያስተካከሉ ነበር። ወንበር ሳበና ለሥራ አስኪያጁ አቀረበ።

«ይቀመጡ» አላቸው። «ይህ ሚክሰር እኮ በፊት መርከብ ላይ ነበር የሚሠራው...»