ሐጂ ወይናቸውን የነቀሉ ዕለት

የመንግሥት ዘመቻ ይደገፋል። በተለይ የሚመጣው ወደ ሌላ ሰው ግቢ ከሆነ በጣም ይደገፋል። እኔ ራሴ እዚሁ ነጌሌ ጤና ጣቢያ የምሠራ፣ ሰው ቤት እየገባሁ «አጎበሩን ለምን የዶሮ አጥር አደረጋችሁት?» እያልኩ የምቆጣ ሰው ነኝ። አዝማች ሆኜ እንጂ ዘማች መጥቶብኝ አላውቅም ነበር።

የመጣብን በወይን ነው። ነጌሌንና ወይንን ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ጎረቤቴን ሐጂ ኑርን አያውቅም ማለት ነው። ሐጂ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ሃዋ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በደጃቸው የተከለቻት የወይን ሐረግ አጥሩን ተሻግራ የእኛንም ግቢ አለበሰችው። ግንዱ የእሳቸው፣ ጥላው የጋራ። እሳቸው ከዙሁር ሶላት በኋላ በዚያ በኩል፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዚህ በኩል ተቀምጠን፣ ሳንተያይ ስንት ነገር አውግተናል! ሃዋ ደግሞ እጇ አይታጠፍም ነበርና ከሐረጓ እየቆረጠች ለጠየቃት ሁሉ ሰጥታለች። የመስጊዱም ወይን፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያንም ወይን የእሷው ልጆች ናቸው።

አንድ ዓመት ቅጠሉ ያለ ጊዜው ቀላ፤ ተጠቀለለ። ፍሬውም ሳይበስል ዘለላው ላይ ደረቀ። ወዲያው ሰናይት የምትባል የግብርና ባለሙያ ዘመቻውን ይዛ መጣች። በሽታውን ከወይን ወደ ወይን የምታመላልስ፣ ፌንጣ የምትመስል ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ተባይ አለች አለችን። ተባይዋን የሚይዝ ሙጫ የተቀባ ቢጫ ካርቶንም ሐረጉ ከተዘረጋበት ዳስ ላይ ሰቀለች። ካርቶኑ መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው። ቀና ስል ፀጉሬ ተለጠፈ፤ ባለቤቴ በዘይት አሽታ እስክታስለቅቀኝ ሐጂ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው፣ «ተባዩ ተገኘ?» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሳቁ አልቆየም። ሰናይት ተመልሳ መጥታ ሐረጉ ታሟል፣ መድኃኒት የለውም፣ ለተባይዋ ይረጫል፣ ተክሉ ግን መነቀል አለበት አለች። ሐጂ በራቸውን ዘጉ። እሷም ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማሉ» አለችኝ። እንዲህ ሲባል እምቢ የሚል ሰው አለ? ኮቴን ለበስኩና ሄጄ በራቸውን አስከፈትኩ። እሷም ተከተለችኝ።

«አካም ሐጂ?» ብዬ ሰላምታ አቀረብኩ።

«ናጋ» አሉ፣ እንደ ሌላ ቀን ሳይሆን አሳጥረው።

ስለ ሕዝብ ጥቅም ጥሩ ንግግር ጀመርኩ። መሐል ላይ አቋረጡኝና፣ «አንተ ጤና ጣቢያ ወባ የያዘው ሰው ሲመጣብህ ትነቅለዋለህ?» አሉኝ።

ኮቴን አስተካከልኩ። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልብሷን ሰደቃ ሰጠሁ። ከእጇ የቀረ፣ እስካሁን የሚተነፍስ ነገር ይሄ ብቻ ነው» አሉ። በሰው ቁስል እንጨት ከመስደድ ብዬ ልመለስ ስነሳ፣ ሰናይት ጎንበስ ብላ ተናገረች።

«አባ፣ ይቺ ተባይ የታመመውን ከመጠጠች በኋላ ወደ ጤነኛው ነው የምትሄደው።»

«የመስጊዱ ታሟል?»

«እስካሁን ደህና ነው። የቤተ ክርስቲያኑም ደህና ነው። ይሄ እዚህ ከቆየ ግን እንጃ።»

ሐጂ ግንዱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አሉ። እናት ልጆቿን አታስጨርስም ማለታቸው ነበር።

ከተረጨ በኋላ መጥረቢያውን ለማንም አልሰጡም። ቢስሚላህ ብለው ራሳቸው ቆርጠው ከነሥሩ ነቀሉት። እኔ በእኛ በኩል ሐረጉን ስስብ ዓይኔን አቧራ ገባው ብዬ ጠራረግሁ፤ አቧራ ግን አልነበረም። ዳሱ ሲወድቅ ፀሐዩ በሁለታችንም ግቢ ላይ ፈሰሰ። ስንት ዘመን ስናወራ የኖርን ሰዎች ባዶው አጥር ላይ ተፋጠጥን፤ ወደየቤታችን ገባን። ሐጂ ከዚያ ወዲህ ወደ ደጃፋቸው መውጣት ቀነሱ። በምትኩ ንጹሕ ችግኝ ይመጣል ተብሎልናል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው እንጂ።

ከወራት በኋላ ሰናይት ክትትል ብላ መጣች። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ወይን ጤነኛ መሆኑን ስትነግራቸው ሐጂ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እንድትቀመጥ በርጩማ ሰጧት። ጥቂት አሰቡና፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለመሆኑ ከመድኃኒቱ የተረፈችው ተባይ ቤቷን ስንነቅልባት ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁ።

«ምን ትሆናለች አባ፣ ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለች።» ይህን ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔ ባለቤቴ ያለው ቡሌ ሆራ ነው። ዝውውር ብጠይቅ ብጠይቅ የሚሰማኝ አጣሁ።»

ሐጂ ወይኑ ከተነቀለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብለው ሳቁ።

«የመንግሥትን ጠባይ አታውቂም ማለት ነው» አሏት። «ዝውውር ከፈለግሽ እንደ ተባይዋ መጀመሪያ ቤትሽን ይንቀሉብሽ!»