የበርገኑ ጋሼ ሳላሃዲን

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ሌላ አገር ኖሮ የመጣ ሰው የሌለበት የሥራ ቦታ የለም። አንዱ ዱባይ ኖሯል፣ አንዱ ቶሮንቶ ኖሯል። እነዚህ ስለ ሕንፃውና ስለ መንገዱ ጥቂት ካወሩ ይበቃቸዋል። የማይበቃው ስካንዲኔቪያ የኖረ ሰው ነው። እሱ አገር አይቶ አልመጣም፤ ተሹሞ ነው የመጣው።

የእኛው ተሿሚ ክቡር ጋሼ ሳላሃዲን ይባላሉ። ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ አብረን እንሠራለን፤ እሳቸው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳሉ፣ እኔ ዕቃ እስካን አደርጋለሁ። የወሎ ሰው ናቸው፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ፈርዶሳ በርገን በምትባል የኖርዌይ ከተማ የሦስት ዓመት የምርምር ሥራ ሲያገኙ ጋሼም ሻንጣቸውን ይዘው ተከተሏቸው። ከተመለሱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲያወሩ ለሰማ ሰው ግን ዛሬ ጠዋት ከአውሮፕላን የወረዱ ነው የሚመስሉት።

ማንኛውም ወሬ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በርገን ይገባል። አንድ ቀን ኤባ የሚባለው ባልደረባችን የመኪናው ትራንስሚሽን ሞቶበት ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር። ጋሼ በሐዘኔታ አዩትና፣

"ኖርዌይ ውስጥ ግን መኪና አያስፈልግህም። ሰዉ በእግሩ ነው የሚሄደው" አሉት።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ የምኖረው ሉዊስ ሴንተር ነው! ሠላሳ ማይል!"

"ይሄዳሉ። ተራራም ይወጣሉ።"

የምሳ ሰዓት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። እኛ ምሳ ዕቃችንን ይዘን ማይክሮዌቩ ፊት ስንሰለፍ፣ ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው አንድ የወረቀት ጥቅል በቀስታ ይፈታሉ። ውስጡ አራት ቁራጭ ጥቁር ዳቦ አለ። በአንዱ ላይ ዓሣ፣ በአንዱ ላይ ዕንቁላል፣ በሁለቱ ላይ አይብ፤ እንዳይነካኩ በየመሃላቸው ስስ ወረቀት ገብቷል። "ምሳ ማለት ይሄ ነው" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። "ቀዝቃዛ፣ አጭር፣ ዝም ያለ።" ዝምታውን ለማስረዳት ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ብሬካችን ሠላሳ ደቂቃ ነው።

ሜክሲኮዎች ቂጣ ላይ ሥጋ ጠቅልለው የሚሸጡትን ታኮ እንኳ ያወቁት እዚያ ነው። በየመንገዱ ጥግ የታኮ መኪና በቆመበት በኮሎምበስ ሃያ ዓመት ኖረው፣ "ኖርዌጅያኖች ዓርብ ዓርብ ምን እንደሚበሉ ታውቃላችሁ?" ብለው ሲጠይቁን ፊታቸው ላይ አንድም የቀልድ ምልክት አልነበረም።

ባለፈው ረመዳን ለመስጊዱ ኢፍጣር አንድ ትልቅ ቡናማ ነገር ቆራርጠው አመጡ። ሰዉ ሃላዋ መስሎት እየተሻማ ወሰደ። ለካ የኖርዌይ አይብ ነበር፤ ጣፋጭ አይብ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎርሰው መዋጥም መትፋትም አቅቷቸው ሲቸገሩ፣ ጋሼ አጎንብሰው "መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ሁለት ዓመት ይፈልጋል" አሏቸው። በዚያው ማዕድ ላይ አሥራ ሦስት ሰዓት ጾመን ደከመን በማለታችንም ተወቀስን። በርገን ውስጥ ለካ የሚጾመው ሃያ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ራሷ ለእሳቸው የተለየ ሥራ የሠራች ያስመስላሉ።

ዓረፋን እኛ ቤት አከበሩ። ባለቤቴ ሸይማ ሦስተኛ ወሯ ነበር። ጋሼ ሦስተኛ ሳህናቸውን ተቀብለው ስለ ሐበሻ ምግብ ማብዛት ንግግር ካደረጉ በኋላ ወደ እሷ ዞሩ።

"ልጁ ሲወለድ ውጪ ነው የምታስተኚው። ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ጋሪያቸው ላይ ደጅ ነው የሚተኙት። ሳንባቸው ይጠነክራል።"

"እዚህ ደጅ ባስተኛው ፖሊስ ነው የሚወስድብኝ፣ ጋሼ።"

"ችግሩ እሱ ነው" አሉ፤ አራተኛ ሳህን አስሞሉ።

እንግዲህ ከእኚህ ሰው ጋር ነበር ዘጠኝ ወር ምሳ የበላሁት። ከኤባ ጋር ሆነን አረማመዳቸውንና አነጋገራቸውን እየቀዳን ስንት ቀን እንደሳቅን አላስታውስም።

ኦክቶበር ላይ ሸይማ ሥራ ላይ እያለሁ ኮል አደረገችኝ። ገና ሠላሳ አንደኛ ሳምንቷ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ሦስት ፓውንድ። እጇ የእኔን አውራ ጣት አያክልም። ኢንኩቤተር ውስጥ አስገቧት፤ ሐኪሟ ቢያንስ አምስት ሳምንት ትቆያለች አለችን። ሸይማ በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ቀና ማለት አትችልም ነበር።

ሥራው ላይ ዓመት ስላልሞላኝ ያለኝ ዕረፍት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ ቀን አልቆ ተመለስኩ። ሱፐርቫይዘራችን ቶሚ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ሶሪ ማን" አለኝ፤ ከዚያ በላይ እጁ ላይ ያለ ነገር አልነበረም።

ብሬክ ሩም ውስጥ ይህን ለኤባ ስነግረው ጋሼ ሰሙ። ዳቦአቸውን አስቀምጠው ተነሡ፣ ቀጥ ብለው ወደ ኤች አር ቢሮ ሄዱ። ተከተልናቸው። "ኖርዌይ ውስጥ አባት አሥራ አምስት ሳምንት ያርፋል! ተከፍሎት!" እያሉ በእንግሊዝኛ ሲጮኹ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። የቢሮዋ ሴት ታግሣ አስጨረሰቻቸውና፣ "ሰር፣ ይሄ ኦሃዮ ነው" አለቻቸው።

የሰማው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ግን ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ ኖርዌይን ይተዉኝ!" አልኳቸው። "ልጄ ማሽን ውስጥ ናት። የሚያወሩት ሌላ ነገር አጡ?"

እንደዚያ ጮኼባቸው አላውቅም። ጋሼ ዞር ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ፎርክሊፍታቸው ላይ ሆነው በአጠገቤ አለፉ፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

በማግሥቱ ጠዋት የኤች አሯ ሴት አስጠራችኝና አሥራ ስምንት የዕረፍት ቀን በስሜ መግባቱን ነገረችኝ። ሠራተኛ ለሠራተኛ ቀን መስጠት ይቻላል፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ግን አልነግርህም አለች። ቶሚ ነገረኝ። ጋሼ ሳላሃዲን በሚቀጥለው በጋ ከእትዬ ፈርዶሳ ጋር በርገን ለመሄድ ሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ቀን ነበር።

ሮጬ ፎርክሊፍቱ ጋ አገኘኋቸው። ቶሚ እንደነገረኝ ነገርኳቸው።

"በርገን የትም አትሄድም" አሉ ሞተሩን ሳያጠፉ። "ዝናቡም እንዳለ ነው። አንተ ወደ ልጅህ ሂድ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሆስፒታል መጡ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ኢንኩቤተሩ ፊት ቆሙና ረጅም ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ከጃኬታቸው ኪስ የተጠቀለለ ፌስታል አወጡ። ውስጡ ብርቱካን የምታክል ግራጫ የሱፍ ኮፍያ ነበረች።

"ነርሷን አስፈቅጃለሁ። ሽታ በሌለው ሳሙና ሁለቴ አጥቤዋለሁ።"

"ከየት ገዙት፣ ጋሼ?"

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። "ራሴ ነኝ የሠራሁት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለኤባ እንዳትነግረው።"

ሹራብ የሚሠሩ ጋሼ ሳላሃዲን!

"በርገን የመጀመሪያው ክረምት" አሉ ዓይናቸውን ከልጅቱ ሳያነሡ። "ፈርዶሳ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመጣለች። እኔ ቋንቋ የለኝ፣ ሥራ የለኝ። አምስት ወር ከእሷ በቀር ያናገረኝ ሰው አልነበረም፣ ወላሂ። አውቶቡስ ላይ እንኳ አጠገቤ አይቀመጡም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እንዲያ ናቸው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ፎቅ የምትኖር አንዲት አሮጊት አገኘችኝ። በእጇ ጠርታ አስገባችኝና የሹራብ መሥሪያና ክር ሰጠችኝ። እሷ የኔን አትሰማ፣ እኔ የሷን አልሰማ። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ተቀምጠን ሠራን።"

ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለዚያች አገር ሲያወሩ ይህችን አንድ ቀን አልነገሩንም። እኛም ጉራ ነው ብለን ስንስቅ፣ በርገን አምስት ወር ሳይናገሩ የቀሩትን አሁን እያወጡት እንደሆነ የጠረጠረ አልነበረም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ነርሷ ገባች፤ ኮፍያዋን በሁለት ጣቷ ይዛ በቀስታ አጠለቀችላት። ልጄ ፊቷን ጨምደድ አደረገች፣ ከዚያ ተኛች።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸው ፕላስቲኩን እስኪነካ ተጠጉ። ፎርክሊፍት የሚነዱባቸውን ትልልቅ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

"በግራ በኩል ክሩ አምልጦኛል" አሉኝ። "ሦስቴ ፈታሁት፣ እንቢ አለኝ። አይታይም አይደል?"

ቀዳዳው ሽንብራ ያስገባል።

"ምንም አይታይም፣ ጋሼ" አልኳቸው።