ስለ ልብ ላስተምር መቻራ ሄጄ

ሰው ንግግር እንዲያደርግ ሲጋበዝ መጀመሪያ የሚደፈነው ጆሮው ነው። አትቆጡ! እናንተንም አይቻችኋለሁ። ለምሳ ስትጠሩ "እነማን ይመጣሉ? በስንት ሰዓት ነው? ጾም መሆኑን ያውቃሉ?" የምትሉት ሰዎች፣ "መድረክ ወጥተው ያስተምሩልን" ስትባሉ አንዲት ጥያቄ ሳታነሱ "በደስታ!" ትላላችሁ። ጋባዡም ያው ነው። አዳራሽ ያስጠርጋል፣ ፍየል ያሳርዳል፣ ድምፅ ማጉያ ያስተክላል... ተናጋሪውን ግን "ይምጣ ብቻ" ብሎ ይተወዋል።

እኔ ጭሮ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ከደብረ ታቦር ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ የከተማው ሰው "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ "ኧረ አይደለሁም" እያልኩ አርም ነበር፤ ኋላ ግን... ምን ልበላችሁ፣ ጆሮ ይለምዳል። ችግሩ፣ በእኛ አካባቢ ሰው የሚያክመውም ከብት የሚያክመውም "ዶክተር" ነው።

አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። የደወለው አብዲ የሚባል የመቻራ ሰው ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"አሰላሙ አለይኩም ዶክተር! ቅዳሜ ትልቅ ስብሰባ አለን። ስለ... ብ ጤና እንድታስተምረን ነው።"

"ስለ ልብ ጤና?"

"አዎ፣ አዎ፣ ስለ እሱ! እያለቀብን ነው! ጠዋት ደህና ሆኖ ይወጣል፣ ማታ አይመለስም!"

"ሕክምናስ?"

"ማን ያክመው ዶክተር? ባለሙያ የለንም እኮ!"

የመቻራ ሰው ደረቱን ይዞ በየቡናው ሥር ሲወድቅ ታየኝ። እነማን እንደሚሰሙኝ፣ በምን ቋንቋ እንደምናገር፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምቆይ... አንዱንም አልጠየቅኩም። አብዲም አልነገረኝም። "ሁሉም ዝግጁ ነው፤ አንተ ብቻ ና!" አለ። "እመጣለሁ!" አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። የደም ሥር ሥዕል በላፕቶፔ ጫንኩ፣ የደም ግፊት መለኪያዬን ያዝኩ፣ ለሠርግ ብቻ የማወጣትን ከረባት አሰርኩ። አባቶቻችን "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ፤ ከረባት ከማሰርም መጠየቅ ይቅደም ማለታቸው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በበዴሳ፣ በገለምሶ አድርጌ እየተንገጫገጭኩ መቻራ ገባሁ። ከገለምሶ ወዲያ ያለውን መንገድ ለልብ ሕመምተኛ አልመክርም።

አብዲ በሩ ላይ ሲንቆራጠጥ ነበር። ሲያየኝ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ በክንዴ እየጎተተ በቀጥታ መድረክ ላይ አወጣኝ። ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከኋላዬ የተሰቀለው ጨርቅ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ነው፤ ማንበቡ ይቅርና ዞር ብዬም አላየሁት። አብዲ ሊያስተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ወገኖቼ! ልብ ከደከመ መላ ሰውነት ይደክማል!"

አብዲ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

"ምን ከደከመ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ልብ ነዋ።"

"ንብ!"

"ልብ አላልከኝም?"

"ንብ ነው ያልኩህ! የማር ንብ!"

ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጡት አዛውንት ንብ አርቢ፣ ሐጂ ጀማል፣ "ምን ይላል?" ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። አብዲ በሐዘን "ኦንኔ" አላቸው፤ ልብ ማለት ነው። ሐጂም "ኦንኔ? ከኒሳ!" ብለው ጣታቸውን በአየር ላይ እያዞሩ "ዝዝዝዝ" አሉልኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ልብ ላስተምር የሄድኩት ሰውዬ፣ ልብ አላልኩም!

ሳቁ ሲበርድ ግን ሐጂ በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እኛ ከሩቅ ነው የመጣነው። ልጆቼን ያስተማርኩት በማር ነው። ዘንድሮ ቀፎዬ ባዶ ነው።"

አብዲ ማጉያውን በእጁ ሸፍኖ ጆሮዬ ሥር ለመነኝ፦ "ዶክተር፣ በአላህ፣ የሆነ ነገር በል! ሁለቱም ጤና አይደል?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልዘባርቅ ዳድቶኝ ነበር። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ አረንጓዴ ልማት እያልኩ እስከ ምሳ ማድረስ አያቅተኝም። ግን ሐጂ እያዩኝ ነው።

"ሐጂ፣ እኔ ስለ ንብ የማውቀው የነደፈችውን ሰው ማከም ብቻ ነው። ሌላውን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ" አልኩ።

ጭሮ ለጎረቤቴ ለወርቅነሽ ደወልኩ፤ የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ንብም ሙያዋ ነው። እንደ ዕድል መስመሩ ጠራ። ስልኩን ማጉያው ላይ ደገንኩት። እሷ እንደ እኔ ንግግር አልጀመረችም፤ ጥያቄ ጀመረች።

"የሚሞቱት የት ነው?"

"ቀፎው አፍ ላይ፣ ሜዳው ላይ" አሉ ሐጂ።

"አቅራቢያችሁ ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል?"

"ይረጫል።"

"መቼ?"

"ጠዋት።"

"ንቦቹ ለቀሰም ሲወጡ! ማነው የሚረጨው?"

ሁሉም የገዛ ጫማውን መመርመር ያዘ። በመጨረሻ ሐጂ ጀማል ሳል ሳል አሉና "እኛው ነን" አሉ።

ወርቅነሽ አልተቆጣቻቸውም። ፀሐይ ጠልቃ ንቡ ቀፎው ከገባ በኋላ እንዲረጩ፣ ያበበ ነገር ላይ ጨርሶ እንዳይረጩ፣ ከመርጨታቸውም በፊት ለጎረቤት እንዲናገሩ አስረዳቻቸው። እዚያው ተከራክረው፣ ተጨቃጭቀው፣ ተስማሙ። መጥታ ቀፎዎቹን እንድታይላቸውም ለመኗት።

"እመጣለሁ። ግን አብዲ፣ የሚሰሙኝ ስንት ሰዎች ናቸው? እስከ ስንት ሰዓት እናገራለሁ? ማን ያስተረጉማል? ማን ይቀበለኛል?"

አብዲ ላቡን እየጠረገ አንድ በአንድ መለሰ። ከዚያ እሱም ተራው ደረሰና ወገቡን ይዞ "አንቺስ? በሰዓትሽ ትደርሻለሽ? በሰዓትሽ ትጨርሻለሽ? ሌላ ሰው አትልኪብንም?" አላት።

"ይሄማ መብትህ ነው" አለችው።

መለኪያዬ በከንቱ እንዳትመለስ፣ ከስብሰባው በኋላ የፈለገውን ሁሉ የደም ግፊት ለካሁ። የሐጂ ጀማል የጎረምሳ ነው። የአብዲ ግን ጣሪያ ነክቷል።

"ጨው ቀንስ" አልኩት።

"ጨው አይደለም ዶክተር፣ ስብሰባ ማዘጋጀት ነው!"

ምሳ ላይ ሐጂ አጠገቤ ተቀመጡ። ከፍየሉ ምርጥ ምርጡን ወደ እኔ እየገፉ "ልጄ፣ በዚህ አዳራሽ ብዙ ተናጋሪ አይቻለሁ። እንዳንተ ያለ ግን አላየሁም" አሉኝ።

ደረቴን ነፋሁ። "ኧረ ሐጂ፣ ምን ተናገርኩና?"

"እሱን እኮ ነው የምልህ! ሌሎቹ እንደማያውቁ ለማወቅ እስከ ዐስር ሰዓት መቀመጥ አለብን። አንተ ቶሎ ነገርከን!"