ላይቭ ላይ የሳምኩት ሳጥንና የክሪ ፊደል

ዛሬ ጠዋት ላይቭ ገብቼ፣ ሁላችሁም እያያችሁኝ፣ የአይጥ መርዝ ሳጥን ሳምኩ።

አዎ። በከንፈሬ!

ቪዲዮውን ዲሊት አድርጌዋለሁ። ስክሪን ሪኮርድ ያደረጋችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ (ክሬሰንት ታውን ያለሽው፣ አንቺን ነው)። ስለዚህ ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት።

ጂኦካሺንግ የሚባል ነገር ጀምሬያለሁ። አትሳቁ። ሰዎች የሆነ ቦታ ትንሽ ሳጥን ይደብቁና ቦታውን አፕ ላይ ይጭኑታል። እናንተ በስልካችሁ እየተመራችሁ ትፈልጋላችሁ፣ ስታገኙት ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ስማችሁን ትጽፋላችሁ፣ መልሳችሁ ትደብቃላችሁ። በቃ።

ሽልማት የለውም። ግን ሱስ ነው።

አንዳንዱ ሳጥን ደግሞ ፐዝል አለው። የቦታው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይጎድላሉ፤ እንቆቅልሹን ካልፈታችሁ የትም አትደርሱም።

ሐሙስ ማታ ከቤቴ፣ ከፍሌሚንግደን ፓርክ፣ በእግር የሚደረስ አንድ ፐዝል አገኘሁ። ሦስት ፎቶ አለው፤ ከዛፍ ቅርፊት የተሰራ ሙዳይ፣ በዶቃ የተጠለፈ ጓንት፣ የአጥንት መርፌ። የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ዕቃዎች ናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ፊደል ተጽፏል።

ፊደሎቹን ሳይ ልቤ ቀጥ አለ።

የመጀመሪያው ቁርጥ ሀ! ሁለተኛው በ። ሦስተኛው ትንሽ ካጠበባችሁት ሰ ነው።

ሀ፣ በ፣ ሰ።

ሐበሻ!!!

በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መግለጫውን እስከ ታች ታነቡ ነበር፣ አይደል? እኔ «ተጨማሪ አንብብ» የሚለውን አልነካሁትም። ግኝት ላይ ያለ ሰው ለማንበብ ጊዜ የለውም።

ወዲያው የሕንፃችን ቴሌግራም ላይ «የግዕዝ ፊደል ቶሮንቶ ውስጥ ተገኘ፣ ቅዳሜ በላይቭ» ብዬ ለቀቅኩ። ብቻዬን እንዳልሆን ደግሞ ጋሽ ደምሰውን ያዝኩ።

ጋሽ ደምሰው ከእኔ ሦስት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ካመጣቻቸው ሁለት ክረምት አልፏል። ሊፍት ውስጥ ባገኘችኝ ቁጥር የምትነግረኝ አንድ ነገር ነው። አባቷ ከቤት አይወጡም፣ ማውራትም እያቆሙ ነው፤ ጠዋት መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ፣ ማታም እዚያው ናቸው። የሆነ ነገር ፈልጊላቸው ትለኛለች።

እኔም ግዕዝ አገኘሁላቸው!

ፎቶውን አጉልተው ረጅም ሰዓት አዩት። ሀ ብትመስልም ሀ አይደለችም አሉኝ፤ በም በደንብ አልተቀረጸችም። የድሮ አጻጻፍ ስለሆነ ነው አልኳቸው። ለማን? ሠላሳ ምናምን ዓመት ፊደል ላስቆጠሩ ሰው።

ግን ዛሬ ጠዋት ክራባት አስረው በር ላይ ጠበቁኝ።

አፈታቴን ስሙ። በግዕዝ ተራ (ሸ የለችበትም) ሀ አንደኛ ናት፣ በ ዘጠነኛ፣ ሰ ሰባተኛ። አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት። ቁጥሩን አስገባሁ፤ ስልኬ ወደ ዶን ቫሊ በኩል መራን። ደረስን።

የአንድ ሕንፃ የቆሻሻ ገንዳዎች ጀርባ።

እዚህ ጋ ነበር መጠርጠር። ግን ግድግዳው ሥር ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል! ላይቭ ገባሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ስለ አባቶቻችን ትንሽ ተናገርኩ (ይቅር በሉኝ)፣ ሳጥኑን አንስቼ ሳምኩት።

ጋሽ ደምሰው ጎንበስ ብለው ጎኑን አዩት። «ልጄ፣ የአይጥ ሥዕል አለበት» አሉኝ ቀስ ብለው።

ማይኩ ጥርት አድርጎ ወስዶታል።

አፌን በውሃ፣ በሳኒታይዘር፣ በሌላ ሰው ውሃ ታጠብኩ። ግን ይሄ ገና ቀላሉ ነው። ላይቭ ከመግባቴ በፊት፣ እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ የፐዝሉ ገጽ ላይ ለሠራችው ሴት በእንግሊዝኛ ጽፌላት ነበር። «ምናልባት ሳታውቂው ይሆናል፣ እነዚህ የኛ ፊደሎች ናቸው» ብዬ። ከሥሩ የላይቩን ሊንክ።

ቤት ሳንደርስ መለሰችልኝ። ስሟ ማርጎ ነው፤ ላይቩን አይታለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ከገንዳዎቹ ማዶ ባለው ፓርክ ወንበር ላይ እንደምትሆን፣ ከፈለግን እንድንመጣ ጻፈች። ያኔ ነው «ተጨማሪ አንብብ» የሚለውን የነካሁት።

የክሪ ፊደል ነው። የክሪ ሕዝብ፣ ሰሜን ኦንታሪዮ። በትልቁ ተጽፏል።

ልቀር ነበር፤ ጋሽ ደምሰው እንቢ አሉ። ሰው ተጠርቶ አይቀርም፣ በተለይ አጥፍቶ።

ማርጎ ነጭ ጸጉሯን የጎነጎነች፣ ሰባ ያለፋት ሴት ናት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «በዚያ አፍሽ እንዳትስሚኝ እንጂ ተቀመጪ» አለችኝ።

ከዚያ ሳትቆጣ ነገረችን። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ዕቃዎች የእናቷ ናቸው። እናቷ በዚህ ፊደል ደብዳቤ ትልክላት ነበር፤ ማርጎ በልጅነቷ በተወሰደችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ግን ቋንቋቸውን መናገር ክልክል ስለነበር ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ይዛ አደገች። ማንበብ አትችልም ነበር። ፊደሉን ተምራ ያነበበቻቸው እናቷ ካረፈች በኋላ ነው። ፐዝሉን የሠራችው ሌላ ሰው ቢያንስ ሦስቱን ፊደል እንዲያይላት ብላ ነው።

እኔ ደግሞ «የኛ ነው» ብያታለሁ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምለው ለወጉ ነበር። ዛሬ የምሬን ፈለግኩት።

ጋሽ ደምሰው ግን በዚያ በመጽሐፍ እንግሊዝኛቸው ፊደሉ እንዴት እንደሚነበብ ጠየቋት። ማርጎ ወረቀት አውጥታ ሠንጠረዥ ሠራች። በእነሱ ፊደል ድምፁ ሲቀየር ቅርጹ አይጨመርበትም፤ ይዞራል። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። አራት ድምፅ በየመስመሩ።

ጋሽ ደምሰው ወረቀቱን ከእጇ ሊነጥቁ ምንም አልቀራቸው። የኛ ፊደል እግር እንደሚያወጣ፣ እጅ እንደሚዘረጋ ከጎኑ ጻፉላት። እሷ የሷን መስመር ታነባለች፣ እሳቸው ይደግማሉ። እሳቸው ሀ ሁ ሂ ይላሉ፣ እሷ ትከተላለች። ሁለት ክረምት ዝም ያሉት ሰውዬ!

ድንገት ቆሙና ስልኬ ላይ ወዳሉት ፎቶዎች ጠቆሙ። «የመጀመሪያው ወደ ታች ነው፣ ግዕዝ። ሁለተኛው ወደ ላይ፣ ካዕብ። ሦስተኛውም ካዕብ።»

በአማርኛ ነው የተናገሩት። ለማርጎ ጣቶቻቸውን አሳዩዋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት።

ማርጎ ሳቀችና ስልኬን በአገጯ አሳየችኝ። አስገባሁት።

ከቆሻሻ ገንዳው መቶ ምናምን ሜትር ብቻ! ሮጥኩ፣ እውነቴን ነው። ጋሽ ደምሰው ክራባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከኋላዬ፣ ማርጎ ቀስ እያለች ከኋላችን። አንድ የወደቀ ግንድ ሥር፣ በዛፍ ቅርፊት የተጠቀለለች ትንሽ ቆርቆሮ!

አልሳምኳትም። አቀፍኳት።

ውስጧ ደብተርና እርሳስ አለ። ማርጎ በራሳችን ፊደል እንድንጽፍ ጠየቀችን። ጋሽ ደምሰው ስማቸውን በዚያ የጥቁር ሰሌዳ እጅ ጽሑፋቸው አሳምረው ጻፉ። ተራው የእኔ ሆነ። ሁለቱም አናቴ ላይ ቆመው ያያሉ። እርሳስ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ስሜንም ቢሆን በእጄ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም በኩራት ጻፍኩ።

«ፅጌ»።

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። እርሳሱን ከእጄ ወሰዱና በቀጭኑ ሰረዙት። «አበባ ማለት ነው ስምሽ» አሉኝ። «በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው።»

ማርጎ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። ስም ተሳስታ ነው አሏት። የቦታ ስም ነው ብላ ያሰበች ይመስለኛል፤ የራሴ መሆኑ ሲገባት ግንዱን ይዛ ሳቀች።

እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ቶሮንቶ ላይ የግዕዝ ፊደል ያገኘሁት። ማክሰኞ ሁለቱም እዚያው ወንበር ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል፤ እኔ የተጠራሁት ደብተር ይዤ እንድመጣ ነው።

አሁን እውነቱን ንገሩኝ። ስማችሁን በእጃችሁ፣ በፊደል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፋችሁት መቼ ነው? ልክስ ነበር?