ሰባት ቤት የተቆጠረለት ቲማቲም

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ውሸት ካለበት፣ ተራኪውን አንኮበር ሚካኤል በቆመበት ያድርቀው፤ ተቀምጦ እንደሆነም አይማረው።

በደብረ ብርሃን አንድ ታላቅ ቢሮ ነበር። ታላቅነቱም «የጠፉ ነባር የቲማቲም ዝርያዎች ምንጭ አፈላላጊ ፕሮጀክት» የሚለው ስሙ ከበሩ ወርድ በልጦ ግድግዳው ላይ መቀጠሉ ነው። አስተባባሪው አቶ ሠረቀብርሃን በሁለት ዓመት አርባ አንድ ስብሰባ መርተው አንድም ቲማቲም አላገኙም። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልተገኘ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ደብል ጋቢናዋ መኪናም ትመለሳለች ተባሉ። እሳቸው ደግሞ ከዚያች መኪና ወርደው ባጃጅ ከመሳፈር እንደ ዝርያዎቹ መጥፋትን ይመርጣሉ።

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን፣ አሊዩ አምባ ፕሮጀክቱ ከሚሰበሰብበት አዳራሽ ጓሮ ቲማቲም በቅሎ ተገኘ። ማንም አልተከለውም፤ ስለዚህ ጥንታዊ ነው። አናቱ ተሸብሽቧል፤ ስለዚህ ዘውድ ደፍቷል። ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ቁልቁል ተሰዶ መውረዱንም አቶ ሠረቀብርሃን አንድ ጊዜ አሽትተው አረጋገጡ።

ባለሙያዋ ቤዛ፣ «ጋሼ፣ ማስረጃችን ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«የሸዋ ሰው ዘሩን በምን ያውቃል?»

«ሰባት ቤት ቆጥሮ ነዋ።»

«እንግዲያው ቁጠሪለት።»

ተቆጠረለት። በእናቱ በኩል የጎረቤላ ባላባት ሆኖ ተገኘ፤ በአባቱ በኩል የሚያጠራጥር ነገር ስለነበረ በቃለ ጉባኤ ታለፈ።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ቲማቲሙ በዚያው አዳራሽ በቀይ ከፈይ ትራስ ላይ ሆኖ ለበላይ አካላት ቀረበ። አቶ ሠረቀብርሃን «ሥሩን ያላወቀ ፍሬውን አይቅመስ» ብለው ሁለት ሰዓት ተናገሩ። እንግዶቹ ፕሮጀክቱን ለሦስት ዓመት ሊያራዝሙት እስክሪብቶ ሲያወጡ፣ አቶ ሠረቀብርሃን በመስኮት ደብል ጋቢናዋን በፍቅር አዩዋት። የቀረው አንድ የአገር ሽማግሌ ምስክርነት ብቻ ነበር፤ የአዳራሹን ጥበቃ ጋሽ እንድሪስን ጠሩ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይህ ተክል በዚህ ጓሮ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ መኖሩን ይመስክሩልን።»

ሽማግሌው ትራሱን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወላሂ ልጄ፣ እኔ የማውቀው ከጥር ወዲህ ያለውን ነው። የጥሩን ስብሰባ ስታደርጉ፣ የምሳችሁን ሳህን ያጠብነው እዚያ ጓሮ ነው። የሰላጣውን ቲማቲም ደግሞ ከደብረ ብርሃን በካርቶን ጭነህ በዚያች መኪና ያመጣኸው አንተው ነህ።»