የተመረቀው የቴኒስ ሜዳ

ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት የሚያቅተው ሕዝብ አይታችሁ ካላወቃችሁ ፍኖተ ሰላም ኑ። በቡሬ በኩልም ኑ በሌላ በኩል፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ፤ «ምን ችግር አለው» ትባላላችሁ። ችግሩን የምናወራው ከሄዳችሁ በኋላ ነው፤ ያውም እርስ በርሳችን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ ይህንን ጨዋነት ነው እያልኩ ለልጆች ሳስተምር ኖሬያለሁ። ጡረታ ወጥቼ ሳስበው ግን ጨዋነት የምንለው ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ስንፍና ይመስለኛል። ብትቆጡ አይፈረድባችሁም፤ እኔም ተቆጥቼ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የመናፈሻችን ነገር ነው። መናፈሻ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳታስቡ። ጥቂት ግራቪሊያ፣ ሁለት ዋንዛ፣ መደገፊያቸው የወለቀ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከጀርባ ደግሞ አንድ የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ። አዎ፣ ቴኒስ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ የየራሱ ታሪክ አለው። ማን እንዳቆየው ግን ሁላችንም እናውቃለን። አያ ዋለልኝ ናቸው።

አያ ዋለልኝ የመናፈሻው ጥበቃ ሆነው የተቀጠሩት ገና ጎረምሳ ሳሉ ነው። ራኬት ይዘው አያውቁም፤ ሜዳውን ግን እንደ ጤፍ ማሳ ያርሙታል። ክረምት ሲወጣ ቀይ አፈር አምጥተው ይደለድላሉ፣ ሲሚንቶ የሞሉትን በርሜል እየገፉ ያጠብቃሉ፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ፣ የተቀደደውን መረብ ከማዳበሪያ ጆንያ በፈቱት ክር ይጠግናሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ተማሪ፣ ሁሉም መጥቶ በነፃ ይጫወታል። የበርበሬ ወቅት ሲደርስ ነጋዴው ሁሉ ያንን የመሰለ ደረቅና ለስላሳ መሬት አይቶ «ለሦስት ቀን ብቻ ላስጣበት» እያለ ይለማመጣቸዋል። አይሆንም ይላሉ። በከተማችን ይህን ቃል አፍ አውጥተው የሚናገሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ከቤት የሚያስወጣቸው ያ ሜዳ ብቻ ነበር።

ከዚያ መልሶ ማልማት መጣ። ዕቅዱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈና ሄደን አየነው፦ ካፌ፣ በመብራት የሚያጌጥ ፏፏቴ፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ድልድይ። ድልድዩ የሚያሻግረው ወንዝ የለም፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ቴኒስ ሜዳው ባለበት ቦታ ላይ የተጻፈው «የመኪና ማቆሚያ» ነው። ሕዝብ ሳይመክርበት ሥራው አይጀመርም ተባልን፤ የስብሰባ ቀንም ተቆረጠ።

የሜዳው ጉዳይ የሚመለከተን ሰዎች ዋንዛው ሥር ተሰብስበን ማን ይናገርልን ተባባልን። ነርሷ እኔን አየች። እኔ አያ ዋለልኝን አየሁ። «በዕድሜም በሥራም ከእርሳቸው የሚቀድም የለም፤ ሲናገሩም ይደመጣሉ» አልኩ፤ ሁሉም ደስ አለው። እርሳቸው ሳምንቱን ሙሉ እቤቴ እየመጡ ተለማመዱ። ንግግራቸው አጭር ነበር። «ካፌውንም ሥሩ፣ ውሃውንም አፍስሱ። መኪና የትም ይቆማል፤ ልጆቹ ግን ሌላ ሜዳ የላቸውም። ሜዳውን ብቻ ተዉልን።» ከዚህ የተሻለ ንግግር በሰላሳ ዓመት ማስተማር አልጻፍኩም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው የአገሩ ልጅ ነው፣ ወጉን ያውቃል። አያ ዋለልኝ ገና ከበር ብቅ ሲሉ ከመድረክ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጃቸውን ይዞ፣ ወደ ፊት አመጣቸው።

«አባታችን፣ እርስዎ ሳይመርቁልን ሥራ አንጀምርም። መርቀው ይክፈቱልን» አለ።

እኛ ኮራን። ሰውያችን ከበሬታ አገኙ ብለን ኮራን። እርሳቸው ግን ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምን ያድርጉ? መርቁ የተባለ ሽማግሌ አልመርቅም ካለ ረገመ ማለት ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

«እግዜር ሥራችሁን ይባርክላችሁ። የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ።»

«አሜን» አልን። እኔ ከፊት ወንበር ስለነበርኩ ድምፄ ጎልቶ ተሰምቷል።

ከዚያ ዕቅዱ ተነበበ። «አስተያየት ያለው?» ተባለ። ሁላችንም ወደ አያ ዋለልኝ ዞርን። ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ስበው አንገታቸውን ደፍተዋል። ተጠግቼ «አያ፣ ይናገሩ እንጂ» አልኳቸው።

«በመረቅሁበት አፍ እንዴት ብዬ ልጄ? አሁንማ እናንተ ተናገሩ» አሉኝ።

እኛማ። ሽማግሌ በመረቀው ነገር ላይ ማን ተነሥቶ ይናገራል? ነርሷ እጇን እስከ ጆሮዋ ድረስ አነሣችና ፀጉሯን አስተካከለች። ባጃጅ ነጂው ስልክ ተደወለለት መሰል ወጣ። እኔ ቃለ ጉባኤ የሚይዘውን ልጅ አየሁት፤ ድሮ ያስተማርኩት ነው፣ ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው። «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ እየተሳሳቀ ለሻይ ወጣ።

ሜዳውን ለማረስ ግሬደሩ የፈጀው አንድ ጠዋት ነው። አያ ዋለልኝ በርሜላቸውን ብቻ ስጡኝ ብለው ቆመው ነበር፤ እሱም ከአፈሩ ጋር ተጭኖ ሄደ። ጥበቃውን አሁን የደንብ ልብስ ያላቸው ወጣቶች ይዘውታል። መናፈሻው አምሯል፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ማቆሚያው በመኪና ይሞላል፤ ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያያሉ።

ባለፈው ሰሞን አያ ዋለልኝ እቤቴ መጡና «ዓይኔ ደክሟል፤ በሩ ላይ ምስልህ ተሰቅሏል ይሉኛል፣ ና አንብብልኝ» አሉኝ። አብረን ሄድን። እውነትም ከመግቢያው በላይ ትልቅ ሸራ ተወጥሯል። አያ ዋለልኝ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ።

«ከሥሩ ምን ይላል?»

«‹ሕዝቡ ጠይቆ ያገኘው ልማት› ይላል።»

ከዚያ ሳይቆጡ፣ የእውነት ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ጠየቁኝ።

«እኔስ መርቅ ተብዬ መረቅሁ። እናንተን ግን ዝም በሉ ያላችሁ ማን ነበር?»

ሸራውን ደግሜ የማነብ መስዬ ቀና ብዬ ቆየሁ። ዝቅ ስል ጋቢያቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር።