የወንዱ ዝንብ ምስክርነት

ዝንብ ከወተት ላይ ይባረራል እንጂ ለቁም ነገር ይጠየቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናንተስ? ከአራተኛ ክፍል ያቆምሁ ነኝና ብሳሳት አርሙኝ።

የእህቴ ልጅ የሺ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ዝንብ ነው። ያውም የበሰለ ፍሬ ላይ የሚያንዣብበውን ትንሹን። ለፋሲካ ወደ ቀያችን ወደ አርብ ገበያ ስትመጣ ምኑን እንደምታጠኚ ንገሪኝ አልኋት። "የወንዱን ዘር፣ ጋሼ" አለችኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ቄስ አልነበረም።

በሰውነት ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል አለ አሉ፤ የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ ያደርሳል። ፕሮቲን የማይሠራበትም አለ። ይሄን ድሮ ብዙዎች ትርፍ ነው ይሉት ነበር። ከዚህ ትርፍ ከተባለው አንዳንዱን ከወንዱ ዝንብ ሲያጠፉበት ግን ዘሩ ሳይበስል ይቀራል። ዝንቡ ይበራል፣ ይበላል፣ ሴቷን ይከተላል፤ ልጅ ግን የለም። እኔ በእርሻ ገባኝ። ወገል፣ ያቺ ማረሻውን አጥብቃ የምትይዝ የብረት ቀለበት፣ መሬት አትቆፍርም። እስቲ እሷን አውጥታችሁ እረሱ።

ወዲያው የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። ልጄ ካሣ ካገባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አልወለዱም። ሚስቱን እናኑን ከወገዳ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ጠበል የወሰድናት እሷን ብቻ። እሱንማ ማን ይጠረጥራል? ኩንታል ብድግ የሚያደርግ ጎረምሳ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ኖረን ይሆን? ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ ሊያፋታቸው ነው፤ አንዱ ሽማግሌ እኔው።

ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። እናኑ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ቆማለች። ፈሪ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ ወንዱ ሳይታይ አይፈረድም አልሁ።

"ማን አለ?" አሉኝ አንጋፋው ሽማግሌ አያ ደምሴ።

"ዝንብ" አልሁ። ከአፌ አመለጠኝ።

ሳቁብኝ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ሸምግለህ ዝንብ ምስክር ትቆጥራለህ?" አሉ። እንደ ምንም አስረዳሁ። የካሣ ፊት ጠቆረ፤ አባቱ በሰው ፊት አዋርዶታል። እናኑ ግን ቀና ብላ፣ "አባባ፣ እሱ ከሄደ እኔም አብሬው እመረመራለሁ" አለች። ካሣ ወደ እሷ ዞሮ "እሺ" አለ። ፍቺው ቀረ።

ሐኪሙ ያላቸውን አልነግራችሁም፤ የሁለቱ ነው። እናኑ ቤቷ ናት።

ባለፈው ዓርብ ከገበያ ስመለስ አያ ደምሴ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ግራ ቀኝ አይተው ምርመራው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ለወንድሜ ልጅ ነው አሉ። አያ ደምሴ ለእናታቸው አንድ ናቸው፤ አትወልድም እያሉም ሁለት ሚስት ፈተዋል። ቦታውን ነገርኋቸውና፣ "ልጁን እግዜር ይርዳው" አልኋቸው።